ገጣባና ማር፦ ከመርካቶ የሚነሣ የምርምር ጥያቄ

ማለዳ በመርካቶ እህል በረንዳ የሚያልፍ ሰው እህል የተጫኑ አህዮች በጭነት መኪኖች መካከል ሲተላለፉ ያያል። ጭነቱ ሲወርድ ከጆንያው ሥር ተሸፍኖ የነበረው ይገለጣል፤ በጀርባ አጥንት ላይና መጫኛው ባረፈበት መስመር የተላጠ ቆዳ፣ መግል የቋጠረ ቁስል፣ በዙሪያውም ዝንብ። አማርኛ ለዚህ ቁስል የራሱን ስም ሰጥቶታል፤ ገጣባ ይለዋል። ለአንድ ጉዳት የተለየ ስም መኖሩ ጉዳቱ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ይመሰክራል። በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ በሆነች አገር ገጣባ የምርምራችን ዳር ሆኖ መቅረቱ ተገቢ አይደለም።

በዚሁ ገበያ ማርም ይሸጣል። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ስትሆን ከምርቱ አብዛኛው ለጠጅ ይውላል። ቁስልን በማር ማከም ግን እጅግ ጥንታዊ ጥበብ ነው፤ የጥንት ግብጻውያን የሕክምና ጽሑፎች ሳይቀሩ ማርን ከቅባት ጋር ቁስል ላይ ማድረግን ያዝዛሉ። ዘመናዊው ሳይንስም ምክንያቱን ገልጧል። ማር ከፍተኛ የስኳር ክምችት ስላለው ከባክቴሪያዎች ውኃ ይስባል፤ አሲዳማነቱ እድገታቸውን ይገታል፤ ከቁስል በሚወጣ ፈሳሽ ሲቀጥን ደግሞ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል።

የአገራችን ማር ይህ ኃይል እንዳለው የሚያሳይ ጥናት በእጃችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የጎንደር ጥናት የማር ዓይነቶችን መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ላይ ፈትኖ የጣዝማ ማር ከሌሎቹ የላቀ ውጤት እንዳሳየ ዘግቧል። በፈረሶች ላይ ደግሞ በእስራኤል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሞ የወጣ ጥናት 127 ፈረሶችን ተከታትሏል፤ የተቀደደ ቁስላቸው ከመሰፋቱ በፊት ለሕክምና የተዘጋጀ ማር የተደረገላቸው ፈረሶች ካልተደረገላቸው በተሻለ ሁኔታ ድነዋል።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁለት ግኝቶች ወደ መርካቶ አህያ በቀጥታ መሻገር አይቻልም። የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ሳሕን ውጤት ነው፤ ሁለተኛው ንጹሕና ስፌት የሚቀበል ቁስል ላይ የተደረገ ነው። ገጣባ ግን በየቀኑ በግፊትና በፍትጊያ የሚታደስ ሥር የሰደደ ቁስል ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ቁስል ለማር የሚሰጠው ምላሽ ራሱን ችሎ መጠናት አለበት።

ማሩም ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። «የመድኃኒት ማር» ሲባል ከገበያ የተገዛ ማር ሁሉ ማለት አይደለም። ስኳር የተቀላቀለበት ማር ኃይሉ ይደክማል፤ በእሳት የሞቀ ማር ኢንዛይሙን ያጣል፤ ያልተጣራ ማር የክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ስፖር ሊይዝ ይችላል፤ የጋማ ቤተሰብ እንስሳት ደግሞ ለቦቱሊዝም ተጋላጭ ናቸው። ለሕክምና የሚዘጋጅ ማር በጋማ ጨረር የሚመከነው ስለዚህ ነው፤ ጨረሩ ስፖሩን ሲገድል የማሩን ፀረ ባክቴሪያ ኃይል አይቀንስም። በውሻ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። ውሻ የተቀባውን ማር ስለሚልስ ቁስሉ በፋሻ መሸፈን ይኖርበታል፤ ቁስሉ የንክሻ ከሆነም ከማንኛውም ሕክምና በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት መመርመር አለበት።

በእኔ አመለካከት ግን ዋናው ጉዳይ ከማሩ በፊት የሚመጣው ነው። ማታ ማር የተቀባ ጀርባ ማለዳ ጆንያ ከተጫነበት ማሩ የባለቤቱን ኅሊና ከማሳረፍ በቀር ፋይዳ የለውም። ባለቤቱም ጨካኝ ስለሆነ አይደለም የሚጭነው፤ አህያው በቆመበት ቀን የቤተሰቡ እንጀራም ስለሚቆም ነው። ስለዚህ «ቁስሉ እስኪድን አሳርፈው» የሚለው ምክራችን፣ የዕረፍቱን ዋጋ ማን እንደሚሸከም እስካልመለሰ ድረስ ምክር ሊባል አይችልም።

ከዚህ በመነሣት አንድ ጥናት እጠቁማለሁ። ገጣባ ያለባቸው አህዮች በዕጣ በሁለት ይከፈሉ። ሁለቱም ቡድኖች ቁስላቸው በጨው ውኃ ይታጠብ፣ የተሻለ መደላድል ይሰጣቸው፣ እኩል የዕረፍት ቀናትም ይኑራቸው፤ አንደኛው ቡድን በተጨማሪ የመከነ የአገር ውስጥ ማር ይደረግለት። የቁስሉ ስፋት በየሳምንቱ በፎቶግራፍ ይለካ፤ ባለቤቱ ያጣው የሥራ ቀንም ይመዝገብ። ባለቤቱ ለሚያጣው ገቢ ማካካሻ ከጥናቱ በጀት ይከፈል። በእንዲህ ዓይነት ንድፍ ማሩ ያመጣው ለውጥ ዕረፍትና መደላድል ካመጡት ተለይቶ ይታወቃል። ማሩ ተጨማሪ ጥቅም ከሌለው ያም ትልቅ ግኝት ነው፤ የባለአህያው ገንዘብ ለመደላድል መዋል እንዳለበት ያሳያልና።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕውቀት በአገር ውስጥ አለ። የሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ማሩን፣ የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቁስሉን ያውቃሉ። የጎደለው ሁለቱን በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያገናኝ ተመራማሪ ነው። ርእስ ለሚፈልጉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እህል በረንዳ ሩቅ አይደለም።