ሽንታሙ ማን ነው?

ግቢ ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ ጠዋት ፍራሹ ይወጣና አጥር ላይ ይሰጣል፤ መሐሉ ላይ ካርታ የመሰለ ነገር አለ፡፡ ጎረቤት ያየዋል፣ ውሃ ሊቀዳ የመጣ ያየዋል፣ የልጁ ጓደኞች ያዩታል፡፡ ዛሬ ግቢው ኮንዶሚኒየም ሆኗልና ፍራሹ በረንዳ ላይ ተንጠልጥሎ አራት ፎቅ ሙሉ ሰው ያነበዋል፡፡ ፍራሽ መድረቅ አለበት፤ በዚህ ጠብ የለንም፡፡ ጠባችን አብሮት ከሚወጣው ስድብ ጋር ነው፡፡ «ሽንታም!»

እኛም ብለነዋል፡፡ ይህን ከምንጽፈው መካከል ክፍል ውስጥ ሽንት ባመለጠው ልጅ ያልሳቀ አንድም የለም፡፡ እስከ አሥር ዓመቱ አልጋ ላይ የሸናም አለን፤ ማን እንደሆነ አንነግራችሁም፡፡ እሱም አብሮን ስቋል፡፡ እንዳይታወቅበት፡፡

ልጁ ለምን ይሸናል ሲባል መልሳችን ዝግጁ ነው፤ በእሳት ስለተጫወተ፣ ሰነፍ ስለሆነ፣ ስለሞላቀቀ፣ አውቆ፡፡ የተኛ ሰው እንዴት አድርጎ «አውቆ» እንደሚሸና ግን የጠየቀ የለም፡፡

ሌሊት አንጎል ቫሶፕሬሲን የሚባል ሆርሞን ጨመር አድርጎ ይለቃል፤ ኩላሊትም ሽንት ማምረቱን ይቀንሳል፡፡ አንዳንድ ልጆች ላይ ይህ ሥርዓት የሚስተካከለው ዘግይቶ ነው፡፡ የሽንት ፊኛውም ገና ትንሽ ነው፤ የ7 ዓመት ልጅ ፊኛ የሚይዘው በግምት 240 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ብርጭቆ ያህል ብቻ ነው፡፡ ፊኛው ሲሞላ ደግሞ ከእንቅልፉ አያነቃውም፡፡ ልጁ የሚነቃው ሲበርደው ነው፡፡ ከ100 የ5 ዓመት ልጆች ወደ 15 የሚሆኑት፣ በ7 ዓመት ደግሞ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት አልጋ ላይ ይሸናሉ፡፡ 50 ሕፃን በታጨቀበት አንድ ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሦስቱ ይህን ምስጢር ተሸክመው ተቀምጠዋል ማለት ነው፡፡

አሁን ቀበቶ ወደሚፈቱት አባቶች እንምጣ፡፡ ይህ ነገር በዘር ይወርዳል፡፡ ከወላጆቹ አንዱ በልጅነቱ ይሸና ከነበረ ልጁም የመሽናት ዕድሉ 44 በመቶ ገደማ ነው፤ ሁለቱም ይሸኑ ከነበረ 77 በመቶ ገደማ ይደርሳል፡፡ ስለዚህ ጋሼ፣ ልጅዎን ከመግረፍዎ በፊት እናትዎን ይጠይቁ፡፡ እማማ አይረሱም፡፡

ዱላ ፊኛ አያሳድግም፤ የሚጨምረው ፍርሃትን ብቻ ነው፡፡ የሚረዳውን እኮ ዓለም ካወቀው ቆይቷል፡፡ አሜሪካዊው ሞውረርና ባለቤቱ ሽንት ሲነካው የሚጮህ የማንቂያ ደወል መሥራቱን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ ዛሬም ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያለው ሕክምና እሱ ነው፡፡ ዴስሞፕሬሲን የሚባል መድኃኒትም በሐኪም ይታዘዛል፡፡ ከዚያ በፊት ግን ልጁ ቀን ላይ በደንብ ውሃ ይጠጣ፣ ማታ ይቀንስ፣ ከመተኛቱ በፊት ይሽና፣ የሆድ ድርቀት ካለበት ይታከም፤ የደረቀ አንጀት ፊኛን ይጫናል፡፡ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ደርቆ የቆየ ልጅ እንደገና ከጀመረው ግን ሐኪም ይየው፡፡ ውሃ ጥም ካበዛና ከከሳ የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ውሰዱት፡፡ ከመካከላችን አንዷ ባደገችበት ቤት ከገጠር የመጣች የ12 ዓመት ሠራተኛ ነበረች፡፡ ከእናቷ በተለየች በሦስተኛ ሳምንቷ አልጋ ላይ መሽናት ጀመረች፡፡ ሐኪም ቤት የወሰዳት የለም፤ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ሰጥተው ሸኟት፡፡

ስለ ሌሊቱ ይህን ካልን፣ የቀኑ ይብሳል፡፡ ምክንያቱም የቀኑን ብዙ ጊዜ እኛው ነን የምንፈጥረው፡፡

«ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ፡፡» «ቁጭ በል! እረፍት ላይ የት ነበርክ?» እረፍት ላይማ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሄዶ ተመልሷል፡፡ በር የለውም፣ ውሃ የለውም፣ ወለሉ አይረገጥም፡፡ ከመካከላችን አንዷ ከመጀመሪያ እስከ አራተኛ ክፍል የትምህርት ቤቷን ሽንት ቤት የተጠቀመችው ሦስት ቀን ብቻ መሆኑን ትምላለች፡፡ ጠዋት ውሃ አትጠጣም፣ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ትቋጥራለች፣ ከዚያ ወደ ቤት ትሮጣለች፡፡ አንዳንዴ በሩ ላይ ያመልጣታል፡፡ ቤት ስትደርስ ደግሞ ቁጣ፡፡

እግሯን አጣምራ የቆመች፣ ተረከዟ ላይ ቁጢጥ ብላ የምትወዛወዝ ልጅ እየተጫወተች አይደለም፤ ሽንቷን እየተከላከለች ነው፡፡ ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ፊኛ በደንብ መኮማተርና በደንብ መፍታት ይጠፋበታል፤ ሽንቱ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ የቀረው ኢንፌክሽን ያመጣል፡፡ ሰገራም አብሮ ይቋጠርና ይደርቃል፡፡ በተለይ ሴቶቹ ላይ፡፡ ከዚያ ለአንቲባዮቲክ እንከፍላለን፡፡

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል፡፡ ሽንቱ የመጣን የሰባት ዓመት ልጅ አርባ ደቂቃ ማስቀመጥ፣ ሲያመልጠው ደግሞ ክፍሉ ሁሉ እያየ ማቆም፣ ጭካኔ ካልሆነ ስሙን ንገሩን፡፡

ወርሃዊ ክፍያ በየዓመቱ ሲጨምር ተሰብስባችሁ የምትጮኹ ወላጆች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ስማርት ቦርዱ ገለጻ ሲጀመር እጃችሁን አውጡና ሽንት ቤቱን አሳዩን በሉ፡፡ የመምህራኑን አይደለም፣ የልጆቹን፡፡ ተቆልፎ ካገኛችሁት ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው፡፡