ቤቱ ሳይሠራ የሚኖርበት ይጠየቅ

ካምፕ ውስጥ አዲስ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ወይም የውኃ ቦኖ እንደሚሠራ ብዙ ጊዜ የምናውቀው ቆርቆሮውና ሲሚንቶው ከመኪና ሲወርድ ነው። ሽንት ቤቱ ጨለማ ጥግ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ «እናቶች በማታ እንዴት ይሂዱ?» ብንል ምን ዋጋ አለው? እኛ በካምፓላ፣ ናጉሩ የምንኖር ስደተኛ መምህራን በዚህ ላይ የምንለው አለን።

የምንኖርበት ናጉሩ ራሱ ምስክር ነው። በናጉሩና በናካዋ የነበሩት የድሮ የመንግሥት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2011 ሲፈርሱ ከ1,700 በላይ ቤተሰቦች ተነሡ። ዘመናዊ ከተማ ይሠራል፣ ነባር ተከራዮችም ቤት ያገኛሉ ተባለ። የመሠረት ድንጋዩ በ2013 ተጣለ፤ ከተማው ግን በተባለው መልክ አልተሠራም። በ2021 የኡጋንዳ ፓርላማ የመሬቱን ጉዳይ የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋመ። ፕላኑ ስለ ነዋሪው ነበር፤ በነዋሪው እጅ ግን አልነበረም።

አገራችንስ? አዲስ አበባ ላይ የኮንዶሚኒየም ሥራ በ2000ዎቹ ሲጀመር እንጀራ ለመጋገርና በግ ለማረድ ተብሎ የጋራ መገልገያ ቤት ታስቦ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ማን የት እንደሚኖር የሚታወቀው በዕጣ ነው፤ ፕላኑ ሲነደፍ የቤቱ ባለቤት ገና አይታወቅም። ታዲያ ማን ይጠየቅ? የጋራ ቤቱም ብዙ ቦታ ላይ ለሌላ ሥራ ዋለ፤ እናቶች ምጣዳቸውን በየፎቁ ይዘው ቀሩ።

«ሕዝቡ ፕላን ማንበብ አይችልም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ሰማያዊ መስመር የበዛበት ወረቀት ለብዙዎቻችን እንቆቅልሽ ነው። መድኃኒቱ ግን ተገኝቷል። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት ዩኤን ሃቢታት ከ2012 ጀምሮ «ብሎክ ባይ ብሎክ» በተባለ ፕሮግራም ማይንክራፍት የሚባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ለዚህ ሥራ አውሎታል። ነዋሪዎች በቡድን ሆነው በመጀመሪያ ቦታውን በእግራቸው ያያሉ። ከዚያ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ለሦስት ለአራት ተቀምጠው ልክ እንደ ሸክላ ኩብ በኩብ እየደረደሩ መንገዱን፣ ዛፉን፣ መብራቱን፣ መቀመጫውን ያቆማሉ። መጨረሻ ላይ ሥራቸውን ለባለሥልጣናትና ለአርክቴክቶች ያስረዳሉ። ናይሮቢ፣ ኪቤራ ውስጥ ያለው የሲላንጋ ሜዳ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ «ይህ ግድግዳ ይከልለኛል፣ ወዲያ ይሁን» ማለት ይችላል።

ታዲያ ኮምፒዩተር ስለመጣ ብቻ ደስ አይበለን። ማውሱን የሚይዘው ጎረምሳው ነው፤ ውኃ የምትቀዳው እናት ከኋላ ቆማ ከቀረች ፕላኑ የጎረምሳው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ወጣት ከአንዲት እናት ወይም ከአንድ አዛውንት ጋር ይቀመጥ፤ ወጣቱ እጅ ይሁን፣ እሳቸው ይናገሩ። ዊልቸር የሚገፋ ወገናችንም አይረሳ።

በካምፕ ያላችሁ ወገኖች፣ እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ፤ ሄዳችሁም ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ገንዘቡና ቦታው አልቆ ተወስኗል ወይስ ገና መለወጥ ይቻላል? ሁለተኛ፣ አርክቴክቱ የኛን ሐሳብ ወደ ፕላን ሲቀይር ምኑን ወሰደ፣ ምኑን ተወ፣ ለምን? ሦስተኛ፣ የመጨረሻው ሥዕል ቁፋሮ ሳይጀመር በምንረዳው ቋንቋ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል ወይ? መልስ ከሌለ ስብሰባው ፊርማችንንና ፎቶአችንን ለመሰብሰብ ብቻ ነው ማለት ነው።

ኮምፒዩተር ባይመጣስ? ጠጠርና እንጨት አለን። መሬት ላይ ሰፈሩን ሠርተን፣ በስልክ ፎቶ አንስተን ለካምፑ ኃላፊዎች ማቅረብ እንችላለን። መምህራን ተማሪዎቻችንን ይዘን ብንጀምረው ከማንም በፊት ይሆናል። ኮሚቴዎች፣ ከሚቀጥለው ግንባታ በፊት ይህን በአጀንዳችሁ ያዙልን።