ድንኳኑ በአንዱ ወገን፣ ድስቱ በሌላው ወገን

ካኩማ ያላችሁ፣ ናይሮቢና ካምፓላ ያላችሁ፣ አገር ቤት ሆናችሁ ላይክ ሳታደርጉ በዝምታ የምታነቡኝ ዘመዶቼም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የዛሬው ረዘም ይላል። ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ባለፈው ወር እዚህ ካምፕ አንዲት እናት ቀበርን። ልጆቻቸው ስለሚያነቡ ስማቸውን አልጠራም። የካኩማ 1 ሰው ሁሉ ቡናቸውን ያውቃል። ለቅሶ የተቀመጥነው ሁለት ግንድ ላይ በታሰረ ሸራ ሥር ነው። ድንኳን አጥተን እንዳይመስላችሁ። እድሩ ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ብረት ድስትም አለው። ችግሩ እድሩ ከጥር ወዲህ ለሁለት ተከፍሏል። ድንኳኑና ወንበሩ "ኮከብ ያለው" የሚባለው ወገን ጋ ቀረ፤ ድስቱ "ልሙጥ" የሚባለው ወገን ጋ። ንፍሮው ከጎረቤት በተዋስነው ትንሽ ድስት በአራት ዙር ተቀቀለ። መቃብሩን የቆፈርነው ስድስት ሰዎች ነን። ድሮ ጡሩንባ ሲነፋ ስንት ሰው አካፋ ይዞ ይወጣ እንደነበር የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ለማያውቅ ዘመድ፣ ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሰኔ 13፣ በስደተኞች ቀን ነው። የየአገሩ ሰው በባህል ልብሱ፣ በዘፈኑ ሰልፍ ይወጣል። አንዱ ልጃችን ልሙጡን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ይዞ መጣ። ሌላው "ሕጋዊው ይህ አይደለም፣ ኮከብ ያለው ይምጣ" አለ። ሦስተኛው ደግሞ፣ ኦሮሞ ጓደኛችን ነው፣ "ሁለቱም እኔን አልጠየቁኝም፣ ጥቁር ቀይ ነጩን ይዤ እወጣለሁ" አለ። መገፋፋት መጣ፣ ዱላ ተነሣ። የሱማሌዎቹና የኮንጎዎቹ ሰልፍ አልፎን ሲሄድ እኛ አቧራ ላይ ቆመን እንከራከር ነበር። ከዚያ ወዲህ የዋትሳፕ ግሩፑ ሁለት ሆነ፣ መዋጮው ሁለት ሆነ፣ በመጨረሻም እድሩ።

እንግዲህ አስተያየቴን ልናገር። ከሁለቱም ወገን ስድብ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ኮሜንቱን ክፍት አድርጌዋለሁ።

መጀመሪያ የራሴን ልናዘዝ። እኔ ልሙጡን ነው የምወደው። አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ የነበረው እሱ ነው። ግን ያንኑ ልሙጥ ከሕፃን እጅ የፈታሁትም እኔ ነኝ። በ2009 ዓ.ም.፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ፣ አማራ ክልል ውስጥ በአንዲት የወረዳ ከተማ ሥነ ዜጋና ታሪክ አስተምር ነበር። ኮከብ የሌለው ባንዲራ በግቢው እንዳይታይ ተባልን፤ እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊም ክፍሉን እንዲቆጣጠር። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ እጁ ላይ በክር የተጠለፈ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አሥሮ መጣ። በሩ ላይ አስቁሜ ፈታሁበት። ልጁ አላለቀሰም፣ አልተቆጣም። "ቲቸር፣ ኮከቡን በእስክሪብቶ ብሥልበት ይመልሱልኛል?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ክሩ መሳቢያዬ ውስጥ ገባ፤ ከአገር ስወጣም እዚያው ቀረ። ስለዚህ "ኮከቡ በጉልበት ነው የመጣው" ስትሉ ልክ ናችሁ፤ ጉልበቱ ግን የካድሬ ብቻ አልነበረም፣ የኔም እጅ ነበረበት።

ሁለተኛ፣ ብዙዎቻችን ሕጉን ሳናነብ ነው የምንጨቃጨቀው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ ከላይ አረንጓዴ፣ ከመካከል ቢጫ፣ ከታች ቀይ፣ በመካከሉም አርማ ይላል። አርማው የብሔር ብሔረሰቦችንና የሃይማኖቶችን በእኩልነትና በአንድነት የመኖር ተስፋ እንዲያንጸባርቅ ያዛል። ሰማያዊው ክብና ቢጫው ኮከብ ግን ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የሉም! እነሱ በአዋጅ የመጡ ናቸው፤ በ1988 ወጣ፣ ኋላም አዋጅ ቁጥር 654/2001 መጣ። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። የኮከቡን መልክ መቀየር የፓርላማ አዋጅ ብቻ ይጠይቃል። አርማውን ጨርሶ ማንሣት፣ ማለትም ወደ ልሙጡ መመለስ፣ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ነው፤ አንቀጽ 105 እንደሚለው የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በዚያም ላይ የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ስምምነት ያስፈልገዋል። "ነገ ይቀየራል" ብሎ ቮይስ የሚልክልን ሁሉ ይህንን ቢያነብ ጥሩ ነው። (ከዲሲና ከሪያድ የምትልኩልን ማለቴ ነው። ገንዘባችሁን እናመሰግናለን፣ ግን ጠቡን ለኛ አትላኩ።)

ታሪኩም እንደምንለው ጥርት ያለ አይደለም። "የአባቶቻችን ባንዲራ ልሙጥ ነው" ስንል በንጉሡ ዘመን የመንግሥቱ ባንዲራ መካከል ዘውድ የደፋ አንበሳ እንደነበር እንዘነጋለን። ደርግ መጀመሪያ የአንበሳውን ዘውድ አወለቀ፣ ኋላ ደግሞ የራሱን አርማ አስገባ። ኢሕአዴግም ቢሆን በሽግግሩ ዘመን፣ እስከ 1988 ድረስ፣ የተሰቀለው ልሙጡ ነበር። ቀለሞቹ ግን በዚህ ሁሉ መሐል አልጠፉም፤ ጋና በ1957 እንደ ፈረንጆቹ ነፃ ስትወጣ ከኛ ወሰደቻቸው፣ ሌሎችም ተከተሏት። ኮከቡን የሚወድ ወንድሜም "ይህ እኔን የሚያካትት የመጀመሪያው ነው" ሲለኝ ውሸቱን አይደለም። አያቱ ቋንቋቸውን ሲናገሩ የተሳቀባቸው ሰው ናቸው፤ ያ ክብ ለሱ ወሬ አይደለም። ጥቁር ቀይ ነጩን የያዘው ጓደኛችንም የክልሉን ባንዲራ ነው የያዘው፤ ያው አንቀጽ 3 ክልሎች የራሳቸው ይኑራቸው ይላል።

ታዲያ ይቀየር ወይስ አይቀየር? እኔ የምለው ይህ ነው፦ ሕዝብ ይጠየቅ፤ ከመጠየቁ በፊት ግን ቅጣቱ ይነሣ። ዛሬ በአዋጁ መሠረት አርማ የሌለውን ባንዲራ መጠቀም በገንዘብም በእስራትም ያስቀጣል። አንዱ መልስ በሚያሳስርበት አገር "ሕዝቡ የትኛውን ይመርጣል?" ብሎ መጠየቅ ቀልድ ነው። እኔ ተማሪዎቼን ጥያቄ ጠይቄ አንደኛውን መልስ የሰጠ ይገረፋል ብል፣ ክፍሉ በሙሉ ያንኛውን ቢመርጥ ምን አወቅሁ?

በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። ነገ ልሙጡን የሚወድ ኃይል አዲስ አበባ ቢገባና ኮከብ ያለውን የያዘ ይታሰር ቢል፣ ያኔ እኔ ደስ ሊለኝ ነው? ያው መሳቢያ ነው፣ ሌላ ክር ይገባበታል።

ኒውዚላንድ በ2015 እና በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ሁለት ጊዜ ሕዝቧን ጠየቀች። መጀመሪያ ከአማራጮቹ አንዱን መረጡ፣ ቀጥሎ ያንን ከድሮው ጋር አወዳደሩ። ከመቶ 56 ያህሉ የድሮው ይቆይ አለ። በማግሥቱ ሰው ሥራው ገባ። እነሱ ሀብታም ናቸው፣ ጦርነት የላቸውም ትሉኛላችሁ፣ እውነት ነው። ደቡብ አፍሪካን ውሰዱ እንግዲህ። በ1994 ምርጫው ሊደርስ ሲል "ለጊዜው" ብለው አንድ ባንዲራ አወጡ። ለጊዜው መሆኑ ጠቡን አበረደው፤ ሰው እየለመደው፣ በስታዲየም እያውለበለበው ሄደ፣ በ1996 ሕገ መንግሥት ጸና። ማንም ጠላት ነህ ሳይባል ለመልመድ ጊዜ አገኘ።

ባንዲራ ላይ መስማማት ሰላም ያመጣል ብላችሁም አታስቡ። ክፍሌ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ ደቡብ ሱዳናውያን ናቸው። እነሱ በባንዲራቸው ጠብ የላቸውም፣ ሁሉም ይወዱታል። በታኅሣሥ 2013 እንደ ፈረንጆቹ ግን በዚያው በአንድ ባንዲራ ሥር ሆነው ተላለቁ፤ ልጆቹ እኔ ክፍል የመጡት ለዚህ ነው። ኤርትራውያን ወንድሞቻችን ደግሞ በ2023 ቴል አቪቭ ላይ ሰማያዊውንና የአሁኑን ባንዲራ ይዘው ሲፈነካከቱ በስልካችን አይተናል። ስደት ላይ ሆኖ!

አገር ቤት በ2015 አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የኦሮሚያ ባንዲራና መዝሙር ጉዳይ ልጆችን ከልጆች ሲያጋጭ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ የመምህር ነገር ነው። የትልልቅ ሰዎችን ክርክር በ14 ዓመት ልጅ እጅ ማስያዝ ኃጢአት ነው። የምክክር ኮሚሽኑ በ2014 የተቋቋመው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሰው ተቀምጦ እንዲነጋገርበት ነው። ይሳካለታል ብዬ አልማልም፤ ተኩስ ባለበት አካባቢ ማን ተረጋግቶ ይመክራል? ግን ቦታው የምክክር ጠረጴዛ እንጂ የትምህርት ቤት በር አይደለም፣ የእድር ድንኳንም አይደለም። ሕዝብ ሲጠየቅ ደግሞ እኛም እንጠየቅ። በካምፕ ካርድ ላይ ዜግነታችን ኢትዮጵያዊ ተብሎ ተጽፏል፤ ስለ ባንዲራው ሲሆን ለምን እንረሳለን?

እኔ በየሰኞውና በየዓርቡ ጠዋት የኬንያ ባንዲራ ሲወጣ ከተማሪዎቼ ጋር ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ በመካከላቸው ቀጭን ነጭ፣ ጋሻና ጦር። ከካኑ ፓርቲ ባንዲራ የተወሰደ ነው፤ ነጩ ለሰላም ተብሎ ተጨመረበት። የኔ አይደለም፣ አከብረዋለሁ። አንድ ኮንጎሌ ተማሪ "ቲቸር፣ የእናንተ የትኛው ነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ ቀለሞቹን እነግረዋለሁ። መካከሉ ምን እንዳለበት ሲጠይቀኝ ደወል ይደወላል እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደወል ሲያድነኝ ኖሯል።

አሁን ወደ ቤታችን። ሰኔ 13 ደርሷል። ሐሳቤ፣ ዘንድሮ በጋራ ሰልፉ ላይ ማንም የፈለገውን ባንዲራ ይያዝ፣ ሦስቱም ይምጡ፣ ማንም የማንንም እንዳይነካ ሽማግሌዎች ፊት ይፈረም። ይህ ካልተቻለ ባንዲራ ሳንይዝ በጀበናና በልብሳችን እንውጣ። በመካከል የሚሄዱት እናቶች ይሁኑ፤ እነሱን ገፍቶ የሚያልፍ ጎረምሳ እስካሁን አላየሁም።

እድሩ ግን ከሰልፉም ይቀድማል። የድንኳኑን ወገን ዳኛ አናግሬአቸዋለሁ፣ "ድስቱ ከመጣ ድንኳኑ ይመጣል" ብለዋል። የድስቱ ወገን ዳኛም "ድንኳኑ ከመጣ" ይላሉ። እሑድ 10 ሰዓት ላይ፣ ሁላችንም ከየጸሎታችን ከወጣን በኋላ፣ ሁለቱም ዕቃ በእኩል ሰዓት ከየቤቱ ወጥቶ የሟቿ እናት ቤት ደጃፍ ይቀመጣል። የ40 ዝክራቸው ቀርቧል። ጋሪ አለኝ፣ ድስቱን እኔ እገፋለሁ፤ ለድንኳኑ አራት ጉልበት ያላቸው ሰዎች እፈልጋለሁ። የምትመጡ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።