በኀፍረት የዘገየ ታማሚ በጤና ተቋም ሊሸማቀቅ አይገባም

በሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሳቢያ በብልትና በፊንጢጣ አካባቢ የሚወጣ ኪንታሮት በአብዛኛው ትንሽ ሆኖ የሚቀር ቢሆንም፣ በጥቂት ሰዎች ላይ ለዓመታት እያደገና ዙሪያውን ያለውን ሥጋ እየሰረሰረ፣ መቀመጥንና መራመድን እስከ ማወክ ይደርሳል። ቡሽከና ሎቨንሽታይን የተባሉት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1925 የገለጹት ይህ ግዙፍ ኪንታሮት፣ በብዛት 6 እና 11 ተብለው ከሚታወቁት የቫይረሱ ዝርያዎች የሚነሳ ነው። ዝርያዎቹ በካንሰር አምጪነት የሚፈረጁ ባይሆኑም እብጠቱ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል፤ በሰፊው ተቆርጦ ከወጣ በኋላም የሚመለስበት ጊዜ አለ። የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ፣ በተለይም ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ወገኖች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

በሽታው እምብዛም የማይታይ መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ማንንም ከኃላፊነት ነፃ አያደርግም። ግዙፍ የሆነው ሁሉ በሚቀባ መድኃኒት ወይም በማቀዝቀዝ ሊወገድ ይችል የነበረበት ዘመን ነበረው፤ ያ ዘመን የሚባክነው ታማሚው ለትዳር አጋሩ እንኳ መናገር አፍሮ ሲደበቅ፣ ደፍሮ የመጣ ዕለትም ምርመራው ወደ ምግባር ፍርድ ሲለወጥበት ነው። ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ኪንታሮት መታየቱ በማንም ታማኝነት ላይ ምስክር ሊሆን አይችልም። ይህን ታማሚው ባያውቅ አይፈረድበትም፤ የሕክምና ባለሙያው ግን ሳያውቅ ሊቀር አይገባውም።

ስለዚህ የጤና አመራሩ፣ ታማሚው ገበናው ተጠብቆለት የሚታይበትን ክፍል፣ አጠራጣሪ እብጠት ከመቃጠሉ በፊት ናሙናው የሚመረመርበትን ሥርዓት፣ ከጤና ጣቢያ እስከ ቀዶ ሕክምና የማይበጠስ የሪፈር መስመርን የማሟላት ግዴታ አለበት። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የጀመረችው ክትባት ዋና ዓላማው የማኅፀን በር ካንሰርን መከላከል ነው፤ ሆኖም 16 እና 18 የተባሉትን የቫይረሱን ዝርያዎች ብቻ የሚከላከል ክትባት ከኪንታሮት እንደማይጠብቅ፣ 6 እና 11ን የሚጨምረው ግን እንደሚጠብቅ በምርጫው ወቅት ሊመዘን ይገባል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2007 ይህንኑ ለልጃገረዶች መስጠት ከጀመረች ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በወጣት ሴቶች ዘንድ የብልት ኪንታሮት እጅግ ቀንሷል፤ ባልተከተቡ ወጣት ወንዶችም ዘንድ እንዲሁ። ወንዶች ልጆች በአገራችን ለጊዜው ከክትባቱ ውጪ መሆናቸው፣ ካንሰሩ በሴቶች ላይ ከሚያደርሰው ሞት አንጻር ተገቢ ቅደም ተከተል ነው እንላለን፤ መጋረጃ የሌለው የምርመራ ክፍል ግን በቅደም ተከተልም ሆነ በበጀት እጥረት የሚመካኝ ጉዳይ አይደለም።