ጉምጉምታው የሸክላው አይደለም

የቀድሞ ሸክላ በተጫወተ ቁጥር አንድ የተለመደ አባባል አብሮ ይሰማል። ከዘፈኑ ሥር ሳያቋርጥ የሚያጉረመርመውን ድምፅ «የዘመኑ ለዛ ነው፤ ሸክላ ያለ እርሱ ሸክላ አይሆንም» የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ «አርጅቷል» ብለው ሸክላውን ወደ ሣጥኑ ይመልሱታል። ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ፍርድ ነው። ጉምጉምታው የሚመጣው ከኤሌክትሪክ መሥመሩ እንጂ ከድምፃዊው፣ ከሙዚቀኛውም ሆነ ከሸክላው አይደለም።

ጉዳዩ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። አምሃ እሸቴ የዘመኑን የኅትመት ሞኖፖል ተዳፍሮ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳትሟል። የዓለማየሁ እሸቴ፣ የማሕሙድ አሕመድና የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በፈረንሳይ መታተም የጀመሩት የ«ኤቲዮፒክ» ስብስቦች ከዘመኑ ሙዚቃ ከፊሉን ለዓለም አሰሙ። እንደገና ያልታተመው ግን መጠጊያው የየቤቱ ሣጥን ነው። ሸዋ ሮቢትም ይሁን ማጀቴ፣ ከእንዲህ ያለ ሣጥን የወጣ ሸክላ ተቀድቶ ለትምህርት ቤት ክበብ ወይም ለኪነት ቡድን ሲሰጥ ጉምጉምታው አብሮ ይቀዳል። ነገ ሸክላው ቢሰበር የሚተርፈው ቅጂው ብቻ ነውና ጥፋቱ እንደ ቅርስ ይወረሳል።

የጉምጉምታው ምንጭ ምስጢር አይደለም። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ማግኔት ያለው የሸክላ ማጫወቻ ራስ የሚያመነጨው ኃይል ግን ከ5 ሚሊቮልት ብዙ አይበልጥም። ይህን ለማሰማት አምፕሊፋየሩ መካከለኛውን ድምፅ 100 ጊዜ ያህል ያጎላል። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ ስለሚቀረጽ ሲጫወት መልሶ መጨመር አለበት፤ በመሆኑም በ50 ኸርዝ ላይ ማጉላቱ ወደ 700 ጊዜ ይደርሳል። በሽቦው ላይ የተጠጋች ቅንጣት ጉምጉምታ ቤቱን የምትሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

«በኮምፒዩተር ይጣራል» የሚለው መልስ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አደገኛ ነው። የቤዝ ጊታር አራት ክሮች ሳይጫኑ ሲመቱ 41፣ 55፣ 73 እና 98 ኸርዝ ያህል ይሰጣሉ። ጉምጉምታው የሚቀመጠው በ50 እና በ100 ኸርዝ ላይ ነው። ማጣሪያው ያለ ጥንቃቄ ከተከፈተ ከጉምጉምታው ጋር ቤዝ ተጫዋቹንም ጠርጎ ያወጣዋል። የዘፈኑን ምሰሶ ነቅሎ ቤቱን አጸዳሁ ማለት ምን ዓይነት ጽዳት ነው?

«መድኃኒቱ ውድ መሣሪያ ነው» የሚለውም ሰበብ አይጸናም። በመጀመሪያ የማጫወቻው ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ይነቀል፤ ጉምጉምታው ከቀጠለ ሕመሙ ያለው በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ነውና ወደ ሬዲዮ ጠጋኝ ይሂድ። ከጠፋ ደግሞ የማጫወቻው የመሬት ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ የመሬት ብሎን ጋር በሚገባ መታሰሩ ይታይ። የማጫወቻው ክንድ በእጅ ሲነካ ጉምጉምታው የሚለወጥ ከሆነ ጥርጣሬው በዚህ ሽቦ ላይ ይጠናከራል። መሣሪያዎቹ በሁለት የተለያየ መንገድ ከመሬት ጋር ከተገናኙም ጉምጉምታ ይፈጠራልና ሁሉም ከአንድ ሶኬት ይመገቡ። ማጫወቻው ከትራንስፎርመር ይራቅ፤ የድምፁ ሽቦ ከኃይል ሽቦው ጋር ጎን ለጎን አይዘርጋ። ሆኖም ጉምጉምታን ለማጥፋት ብሎ የእስፒናን የመሬት እግር መቁረጥ ሕይወትን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ነው።

ሌላው ሁከት መንጣጣቱ ነው። የቆላው አቧራ በሸክላው ቦይ ውስጥ ሲገባ መርፌው እያንዳንዷን ቅንጣት እንደ ዜማ ያነባታል። ለስላሳ ብሩሽና የተጣራ ውኃ ብዙውን ያስወግዳሉ። ያረጀ መርፌ ግን ቦዩን ይፍቃልና መለወጥ አለበት። ሸክላ በሙቀት ይጣመማል፤ ስለዚህ ፀሐይ በማያገኘው ሥፍራ ቀጥ ብሎ መቆም ይገባዋል። ማጫወቻውም ከእስፒከሩ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የራሱን ንዝረት መልሶ ይሰማል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የሚቀር ድምፅ ይኖራል፤ የቀረጻ ክፍሉ ቴፕ ሹክሹክታ፣ የኅትመቱ ጉድለት፣ የብዙ አድማጮች ድካም። ይህ በቦዩ ውስጥ የተጻፈ የሸክላው ታሪክ ነውና ሊጠበቅ ይገባል። ከግድግዳ የመጣው ግን የማንም ታሪክ አይደለም። ሙዚቃን የሚያስተምር መምህር፣ ቅጂ የሚያሰባስብ የባህል ሠራተኛና የቀደሙትን ሥራ የሚያጠና ከያኒ ይህን ልዩነት ሳይለይ የመቅጃውን ቁልፍ ሊጫን አይገባውም። መጀመሪያ የመሬት ሽቦው ይታሰር፤ ቅጂው ከዚያ ይከተል።