ለአዲሱ ኤሲ የራሱ መስመር

መርሳ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ አቅም ያለው ቤተሰብ ኤሲ ይገዛል። መልካም ነው፤ ግን ምጣዱ ካለበት መስመር አትቀጥሉት። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር መሆኑ ነው። 1,500 ዋት የሆነ ኤሲ 7 ያህል ሲጨምርበት ሽቦው ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል። ብሬከሩ ደጋግሞ ወረደ ብሎ በትልቅ መቀየርማ ዘበኛን ማሰናበት ነው! ባለሙያ ጠርታችሁ የራሱን ሽቦ፣ ብሬከርና የምድር ሽቦ አዘርጉለት።

ልጅ ኤሌክትሪክ ከያዘው በእጃችሁ አትንኩት፤ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። የተቃጠለውን በሚፈስ ውሃ 20 ደቂቃ አቀዝቅዙ፤ ቅቤና የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። መዳፉ ላይ ትንሽ ነጥብ ብቻ ብታዩም ሐኪም ቤት አድርሱት፤ ኤሌክትሪክ ላዩን ትቶ ውስጡን ያቃጥላል፣ የልብ ምትንም ያዛባል።