ማጉያው ወይስ ጆሮው?

አጎቴ ከውጭ አገር የላከልን አምፕሊፋየር፣ ማለትም የድምፅ ማጉያ፣ ቤታችን የገባ ዕለት ደስታ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ክርክር ሆነ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም ከጀመራቸውና አያቴ ከተዉልን ሸክላዎች አንዱን አባቴ አስቀመጡበት። ጥቂት አዳመጡና «ይህ እኔ የማውቀው ድምፅ አይደለም፤ አጥንቱ ቀርቶ ሥጋው ሄዷል» አሉ። አሮጌው መሣሪያም በማግሥቱ ወደ ስፍራው ተመለሰ።

በዚህ ነገር ብዙዎቻችን ከሁለት አንዱን እንፈርዳለን። ወይ «አዲስ ሁሉ ይሻላል» እንላለን፤ ወይ «የድሮውን የሚያህል የለም» እንላለን። በበኩሌ ሁለቱም ሳያዳምጡ የሚፈርዱ ናቸው እላለሁ።

ምክንያቴን ላቅርብ። ጓደኞቼ «ጥቂት ሳምንት ይሥራ፤ ድምፁ ይፈታል» ብለውኝ ነበር። በቫልቭ የሚሠራ ማጉያ እስኪሞቅ ድረስ ጥቂት ደቂቃ መፈለጉ እውነት ነው። የኛው ግን በትራንዚስተር የሚሠራ ስለ ሆነ በሳምንታት ውስጥ የሚለወጥበት ነገር እጅግ ጥቂት ነው። የሚለወጠው ጆሮ ነው። አሮጌው መሣሪያ ወፍራሙን ድምፅ አጋንኖ ቀጭኑን ይውጥ ነበር፤ እኛም ጉድለቱን ሙዚቃ ብለን ለመድነው። ሦስት ሳምንት በአዲሱ ካዳመጥሁ በኋላ ወደ አሮጌው ብመለስ፣ ዘፋኙ ጋቢ ተከናንቦ የሚዘፍን መሰለኝ። የባስ ጊታሩን አካሄድ ለይቼ የሰማሁት በአዲሱ ነው፤ የሸክላውን ጭረትም እንዲሁ።

ሌላም ማታለያ አለ። ሁለት መሣሪያዎች ሲነጻጸሩ ጥቂት ጮክ ያለው የተሻለ ይመስላል። ስለዚህ ድምፃቸውን እኩል ሳያደርጉ መፍረድ ከንቱ ነው። የዋት ብዛትም አያስጎምጀን። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» የሚለው ድምፅ ዐሥር እጥፍ ያህል ኃይል ይፈልጋል፤ ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት መሻገር የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ አባቴን ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት እስኪፈርስ ድረስ የኖርነው እዚያው ነበር። ቤታችን ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ስለ ነበረ ድምፅን ይመጥ ነበር። አሁን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ግድም የተከራየነው ቤት ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ድምፁ እየተላተመ ይመለሳል። በማጉያው ካሳበብነው ጥፋት እኩሌታው የክፍሉ ኖሯል። ምንጣፍ አነጠፍን፤ ከእስፒከሮቹ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልን። አባቴም እንደገና አዳምጠው «አሁን ቀረበ» አሉ። ቀረበ እንጂ ደረሰ አላሉም። ሸክላው ሲጀምር በአጥር በኩል «እስቲ ከፍ አድርጉት» ይሉ የነበሩትን ጎረቤቶች የትኛውም ማጉያ አይመልሳቸውም።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ በየቤታችን በካርቶን የታሸጉ ሸክላዎች አሉ። ቤት በተለወጠ ቁጥር ይሰበራሉ፤ ይጣላሉም። ኅብረታችን በወር አንድ ምሽት አዳራሽ ቢያሰናዳልን፣ እኛም አንዳንድ ሸክላ፣ ከተቻለም ሸክላውን የገዛውን ሰው ይዘን ብንመጣ ምን ይጎዳናል? ጆሮ አዲስ ድምፅ በሦስት ሳምንት ይለምዳል፤ ጎረቤት የሌለበትን ሙዚቃ ግን ቶሎ ሊለምድ አይገባውም። የመጀመሪያውን ሸክላ እኔ አመጣለሁ፤ አባቴም ይመጣሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።